የዘር ፊደልና በፊደሉ ላይ የሚቆመው ምልክት

በወሎ አገር ከሚዘራው የማሽላ ዓይነት መካከል ገበሬው «ወተት በጉንጬ» ብሎ የሚጠራው አንድ አለ። ሌላውም «ማር ጩቄ» ይባላል። ገበሬው እነዚህን ዓይነቶች ለብቻቸው በሰፊ እርሻ አይዘራቸውም፤ ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳልና፣ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳልና። ነገር ግን በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያበቅላቸዋል፤ እሸታቸው ገና ወተት እንደ ያዘ ተጠብሶ ሲበላ ጣዕሙ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና፤ ዘራቸውንም ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ ያስተላልፋል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን ብዙ ሺህ የማሽላ ዓይነት ሲመረምሩ፣ ላይሲን የሚባለው ለሰው አካል ግንባታ እጅግ የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ ሁሉ አብልጦ የሚገኝባቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ገበሬው ስም በማውጣት የመሰከረውን ነገር ሊቃውንቱ በመሣሪያ መዝነው አረጋገጡት ማለት ነው።

አንዱ ማሽላ ከሌላው ማሽላ፣ አንዱ ሰውም ከሌላው ሰው በምን ይለያል? ልዩነቱስ ከወዴት መጣ? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሆነ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንድ አገር ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በሽታ ሲገባበት ምን እንደሚደርስበት ያላሰበ ሰው ነው። በ1845 ዓ.ም. በአየርላንድ የድንች በሽታ ገብቶ ሕዝቡን በረኃብ የጨረሰው፣ ከሌላውም ምክንያት ጋራ፣ ድሀው ሁሉ የሚመገበው አንድ ዓይነት ድንች ስለ ነበረ፣ ድንቹም ከሥሩ እየተቆረጠ ስለሚተከል አንዱ የሌላው ቅጂ ስለ ነበረ ነው። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ ከበቆሎው ምርት ከመቶ ዐሥራ አምስት ያህሉ በአንድ ዓመት የጠፋው የበቆሎው ዘር አብዛኛው ከአንዲት እናት ወገን የመጣ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ነገሩ የእንጀራ ነገር ስለ ሆነ፣ ሹሙም ካህኑም ሊያውቀው የሚገባ ነው ብለን በሚቻለን መጠን ልንገልጸው እንሞክራለን።

በሕያው ፍጥረት ሁሉ ሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እጅግ ቀጭንና ረጅም ክር አለ። በዚህም ክር ላይ የሕያው ነገር የአሠራሩ ሥርዓት በአራት ፊደላት ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ፊደላቱ አራት ብቻ ቢሆኑም መጽሐፉ ግን ትንሽ አይደለም። የሰው መጽሐፍ ሦስት ቢልዮን ያህል ፊደል አለው። የገብስ ወደ አምስት ቢልዮን ይጠጋል። የዳቦ ስንዴ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ቢልዮን ያህል አለው፤ ስንዴ ከሰው ይልቅ ብዙ ፊደል መያዙ ለሰው ትምክሕት መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ጂን የምንለው ከዚህ መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ የአበባውን ቀለም፣ አንዱ የቁመቱን ልክ፣ አንዱም በሽታን የመቋቋሙን ነገር ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ብዙ ምዕራፎች ተባብረው አንድ ነገር ይሠራሉ።

በብራና የሚጽፉ አባቶቻችን የዚህን ነገር ምሥጢር ከማንም ይልቅ ፈጥነው ያስተውላሉ። አንድ መጽሐፍ ከአንድ መጽሐፍ ሲቀዳ ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ፊደል ይስታል፣ አንድ ቃል ይዘላል፣ ወይም አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ከዚያ ቅጂ የሚቀዱት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይወርዳሉ፤ ስለዚህ የመጻሕፍት መርማሪዎች ስሕተቱን ተከትለው ይህ የጎንደር ወገን ነው፣ ያ የሸዋ ወገን ነው ለማለት ይችላሉ። የዘርም መጽሐፍ እንደዚሁ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በሚቀዳ ጊዜ ጥቂት ፊደላት ይለወጣሉ። አብዛኛው ለውጥ ጉዳትም ጥቅምም የለውም፤ አንዳንዱ ይጎዳል፤ አልፎ አልፎ ግን በአንድ አገር፣ በአንድ አየር የሚጠቅም ይገኛል፤ ያም በዚያ አገር ይበዛል። በሕዝብና በሕዝብ፣ በእህልና በእህል መካከል የሚታየው የዘር ልዩነት መነሻው ይህ ነው።

ነገር ግን ነገሩ በፊደል ብቻ አያበቃም። የዐይናችን ሕዋስና የጉበታችን ሕዋስ የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ፊደሉ አልተለየም፤ ዳሩ ግን አንዱ ብርሃን ይቀበላል፣ ሌላው መርዝ ያጣራል። እንዴት ሊሆን ቻለ? እዚህ ላይ የድጓው ሊቅ የሚያውቀው ምሳሌ ይረዳናል። በድጓ ገጽ ላይ ቃሉ በፊደል ይጻፋል፤ ከፊደሉም በላይ ድፋት፣ ጭረት፣ ይዘት፣ ርክርክ የመሳሰሉት የዜማ ምልክቶች ይቆማሉ። ምልክቱ ፊደሉን አይለውጠውም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም ግን የሚወስነው ምልክቱ ነው። በዘርም መጽሐፍ ላይ እንደዚሁ፣ ሜቲል የሚባል ጥቃቅን የኬሚካል ምልክት በፊደላቱ ላይ ይቀመጣል፤ ክሩም የሚጠመጠምባቸው እንክብሎች በልዩ ልዩ ምልክት ይታተማሉ። ምልክቱ አንዱን ምዕራፍ «ይነበብ»፣ ሌላውን «ይዘጋ» ይላል። የዚህ ምልክት ጥናት ኤፒጄኔቲክስ ይባላል፤ ቃሉን እንግሊዛዊው ሊቅ ዋዲንግተን በ1942 ዓ.ም. አወጣው፤ «ኤፒ» በጽርእ ቋንቋ «በላይ» ማለት ነው።

ምሳሌው ከፍጹም የራቀ እንዳይሆን አንድ ነገር እንጨምር። የድጓው ምልክት በአዲሱ ብራና ላይ ከነፊደሉ ይገለበጣል፤ የዘሩ ምልክት ግን አብዛኛው በአዲስ ትውልድ መጀመሪያ ላይ ተጠርጎ እንደ ገና ይተከላል። ይህ ከወዲሁ በልብ ይያዝ፤ ኋላ አንድ ትልቅ አገር የተሳሳተበት ነገር ነውና።

ምልክቱ በራሱ ብቻ ትልቅ ልዩነት ሊያመጣ እንደሚችል የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1742 ዓ.ም. አንድ የስዊድን ተማሪ ሊናሪያ የምትባለውን የዱር አበባ መልኳ ፈጽሞ ተለውጦ አገኛት፤ አንድ ወገኗ ብቻ የረዘመ መሆኑ ቀርቶ በአምስቱም ወገን እኩል ሆና ነበር። በዘመኑ የእፅዋት ሊቅ የነበረው ሊኔዎስ እጅግ ተደንቆ «ፔሎሪያ» አላት፤ አስፈሪ ፍጥረት እንደ ማለት ነው። ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር መርማሪዎች የዚችን አበባ የዘር ፊደል ገልጠው ቢያነቡ ከተራዪቱ አበባ የሚለይበት የፊደል ለውጥ አላገኙም፤ የአበባውን ቅርጽ በሚያዝዘው ጂን ላይ ግን የሜቲል ምልክት በዝቶ ተቀምጦ ጂኑን ዘግቶት ተገኘ። በእፅዋት ዘንድ እንዲህ ያለው ምልክት አንዳንድ ጊዜ ሳይጠረግ ወደ ልጅ ሊያልፍ መቻሉ በዚህ ታወቀ።

አሁን ወደዚያ ወደ ተሳሳተው አገር እንሂድ፤ ታሪኩ የኢትዮጵያንም መሬት ይነካልና።

ኒኮላይ ቫቪሎፍ የሩስያ የእፅዋት ሊቅ ነበረ። የሰው ምግብ የሆኑት አዝርዕት ልዩ ልዩ ዓይነታቸው ተከማችቶ የሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች በዓለም ላይ እንዳሉ በ1926 ዓ.ም. ጽፎ አሳተመ፤ ከእነዚያም አንዷ ኢትዮጵያ ናት አለ። የጻፈውንም በዐይኑ ለማየት በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጣ። በአዲስ አበባም በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ጓዝ ጭኖ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በየደረሰበት ገበያና በየእርሻው ዳር እየቆመ ዘር ይሰበስብ ነበር። በአንኮበር አጠገብ ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ አገኘ፤ እንዲህ ያለው ስንዴ በዓለም አንድ ቦታ ሊኖር እንደሚገባ ቀድሞ ገና ሳያየው በሥርዓት አስቦ ተናግሮ ነበርና ደስታው ብዙ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ቫቪሎፍ በሁሉ ነገር ትክክል አልነበረም። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን ከእርሱ በኋላ የመጡት አረጋግጠዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በጥንት ዘመን ሆኖ በተራራውና በቆላው፣ በወይና ደጋው ልዩ ልዩ አየር እንደ ገና ተባዙ። የኛው የራሳችን ተወላጆች ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግና ቡና ናቸው።

ቫቪሎፍ በየአገሩ ዞሮ የሰበሰበውን ዘር በሌኒንግራድ ከተማ አኖረው። በዚያው ዘመን ግን ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሣ። የመጸው ስንዴ ብርድ ካላገኘ እንደማያፈራ የታወቀ ነገር ነው፤ ስንዴው የክረምቱን ብርድ በአካሉ ያስታውሰዋል፣ ከዚያም በኋላ ያብባል። ሊሴንኮ ዘሩን አርጥቦ በብርድ ቢያቆየው በጸደይ ቢዘራም ያፈራልና፣ ይህን ተመልክቶ፣ ዘሩ በብርድ የተማረውን ነገር ለልጁ ያወርሳል፤ ጂን የሚባል ነገር የከንቱ ሰዎች ፈጠራ ነው አለ። መንግሥትም ቶሎ የሚደርስ ተስፋ ስለ ሰጠው ሊሴንኮን ሰማ። ቫቪሎፍ በነሐሴ ወር 1940 ዓ.ም. ለዘር ስብሰባ ተሰማርቶ ሳለ ተያዘ፤ በጥር 1943 ዓ.ም. በሳራቶፍ ወህኒ ቤት በረኃብ ሞተ። ሳራቶፍ በወጣትነቱ ያስተማረባት ከተማ ናት። ሌኒንግራድም በጠላት ተከብባ ሕዝቧ በረኃብ ሲያልቅ፣ የእርሱ ረዳቶች የነበሩት ሊቃውንት በከረጢት የተሞላ ሩዝና ኦቾሎኒ አጃም በፊታቸው እያለ ዘሩን አንበላም ብለው በየሥራቸው ላይ ሞቱ። የሩዙ ክፍል ኀላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖፍ ከሞቱት አንዱ ነው። ከዚያ ካልተበላው ዘር መካከል ቫቪሎፍ በኢትዮጵያ የሰበሰበው ነበረበት።

በነሐሴ 1948 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት የጂን ትምህርት በአዋጅ ተከለከለ፤ ክልከላውም ሊሴንኮ በ1960ዎቹ መካከል እስኪወድቅ ድረስ ቆየ። የነገሩ መራራነት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሊሴንኮ ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። ስንዴ ብርዱን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውም እላይ በተናገርነው ምልክት እንደ ሆነ ዛሬ ታውቋል። በአንዲት ትንሽ የጎመን ዘመድ ላይ በተደረገው ብዙ ምርመራ፣ አበባን የሚከለክለው ጂን በብርዱ ወራት ቀስ በቀስ በምልክት ተዘግቶ ጸደይ ሲመጣም እንደ ተዘጋ ይቀራል። ዳሩ ግን ፍሬው ሲፈጠር ምልክቱ ይጠረጋል፤ ልጁም ብርዱን እንደ ገና መቅመስ አለበት። ሊሴንኮ ከእውነቱ ግማሹን ይዞ የቀረውን ለመመርመር የሚነሣውን ሰው በወህኒ እንዲዘጋ አደረገ። ሹማምንት የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ለብቻው ቢያስቡበት ደስ ይለናል፤ ስለ ስንዴ ብቻ የተነገረ አይደለምና።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1951 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የገብሱን ቅጠል እያቢጫ፣ ተክሉን እያሳጠረ የሚያጠፋ በሽታ ምንነቱ ታወቀ፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚያመላልሰው ቫይረስ ነው። ሊቃውንቱ መድኃኒቱን ከገብሱ ከራሱ ለማግኘት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን ከስድስት ሺህ የሚበልጥ የገብስ ዓይነት አንድ በአንድ ዘርተው ፈተኑ። በሽታውን ተቋቁመው የቆሙት መቶ ያህል ነበሩ፤ እነርሱም ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ሆኑ። ከዚያ የተገኘው ጂን ዛሬ በብዙ አገር ገብስ ውስጥ ይኖራል። በኤውሮፓም ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ገብሱን ሲያስቸግር፣ በ1930ዎቹ ዓመታት የጀርመን መልእክተኞች ከኢትዮጵያ ወስደውት ከነበረው ገብስ ውስጥ ሻጋታው ጨርሶ የማይዘው ተገኘ። ያም ልዩነት በፊደሉ ሲታይ፣ ጸሐፊ አንዱን ክፍል ደጋግሞ እንደ ጻፈው ያለ ነው፤ በመደጋገሙም ምክንያት ሻጋታው መግቢያ የሚያደርገው ጂን በደንብ እንዳይነበብ ሆነ። በብራና ላይ ስሕተት የሚባለው ነገር በገብሱ ላይ መዝጊያ ሆነ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ የወጣ ሌላ ገብስ ደግሞ፣ እንደ ወሎው ማሽላ፣ ላይሲን የበዛበት መሆኑ በስዊድን አገር ታውቋል።

ለዚህ ሁሉ ገበሬያችን ምን ተከፈለው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ምንም።

ስለ ቡና ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። አረቢካ የምንለው ቡና ሁለት የዱር ቡናዎች በጥንት ዘመን አንድ ጊዜ ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ በ2024 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ዘመኑን ከስድስት መቶ ሺህ ዓመት በፊት ያደርገዋል። እንግዲህ ከመጀመሪያው የዘሩ በር ጠባብ ነበረ። ከኢትዮጵያ ጥቂት ዘር ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመንም ከጥቂቱ ጥቂቱ ወደ ጃቫ ሄደ፤ ከጃቫ በ1706 ዓ.ም. ወደ አምስተርዳም የአትክልት ቦታ ተወሰደ፤ የዚያ ዘር በ1714 ዓ.ም. ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተለት፤ ከዚህም ወገን የተገኘው ዘር ወደ አሜሪካ ደሴቶች ተሻግሮ ብዙ አገር ሸፈነ። በየበሩ ሲያልፍ ልዩነቱ እየቀነሰ ሄደ። አረቢካ በራሱ አበባ ዱቄት ራሱን የሚያዳቅል ስለ ሆነም ከውጭ የሚጨመርለት አልነበረም። በ1869 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት የቡና ቅጠል ዋግ በገባ ጊዜ ሁሉም ዛፍ እንደ አንድ ዛፍ ታመመ፤ የደሴቲቱም አትክልተኞች ቡናውን ትተው ወደ ሻይ ዞሩ።

በአገራችንስ? በ1971 ዓ.ም. የቡናውን ፍሬ ገና ለጋ ሳለ የሚያጠቁረው በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ በየቦታውም ብዙ ፍሬ አጠፋ። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ ጫካ ያለው ቡና የአንድ እናት ቅጂ አልነበረም። በሽታው ባጠፋው እርሻ መካከል ሳይነካ የቆመ ዛፍ ይገኝ ነበር። የጅማ ምርምር ሠራተኞች እነዚያን ዛፎች አንድ በአንድ እየለዩ፣ እየፈተኑ፣ ዘራቸውን አባዝተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አደሉ። ዛሬ ገበሬው 74110 እያለ በቁጥር የሚጠራው ቡና ከእነዚያ አንዱ ነው፤ 74ቱ ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው። የሴሎን ገበሬ እንዲህ ሊመርጥ አይችልም ነበር፤ የሚመርጥበት ጫካ አልነበረውምና። ጫካ ሲመነጠር የሚጠፋው እንጨት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

ስለ ሰው መናገር ከእህል ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ያለፈው ክፍለ ዘመን «ዘር» በሚለው ቃል ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ የታወቀ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ይህን እንበል፦ ሁለት ሰዎች ከየትም አገር ይምጡ፣ ከሺህ የዘር ፊደል ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ አንድ ነው። በቀረውም ጥቂት ልዩነት ውስጥ፣ አሜሪካዊው ሊቅ ሌዎንቲን በ1972 ዓ.ም. አስልቶ እንዳሳየው፣ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በግለሰቦች መካከል እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል አይደለም። ጎረቤታችን ከእኛ የሚለይበት ባሕር ማዶ ያለው ከሚለይበት ብዙም አያንስም።

ቢሆንም የአገር አየር በሰው ላይ የጻፈው ነገር አለ። በከፍተኛ ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ኦክሲጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራ የሚኖሩት ሰዎች ደማቸው ሄሞግሎቢን አብዝቶ ይህን ይቋቋማል። የቲቤት ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው አይበዛም፤ በደማቸው ያለውም ኦክሲጅን ከቆላ ሰው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በጤና ይኖራሉ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋራ በሰሜን ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን የአገራችንን ሰዎች መርምራ ውጤቱን በ2002 ዓ.ም. ብታሳትም ሦስተኛ መንገድ ተገኘ፦ ሄሞግሎቢናቸውም አልበዛም፣ በደማቸው ያለውም ኦክሲጅን አላነሰም፤ ሁለቱም በባሕር ዳር እንደሚኖር ሰው ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ የአማራና የኦሮሞ ደገኞች አብረው በተመረመሩ ጊዜ ደግሞ፣ ወደ ባሌ ደጋ ከወጡ አምስት መቶ ዓመት ያህል የሆናቸው የኦሮሞ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በእነርሱና በቆላ ባሉት ወንድሞቻቸው መካከልም በአንዳንድ የዘር ክፍል ላይ የሜቲል ምልክት ልዩነት ታየ። ፊደል ለመለወጥ ረጅም ዘመን ይፈልጋል፤ ምልክት ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ይበልጣል ለማለት የሚፈልግ ቢኖር ነገሩን አላነበበውም፤ ተራራው አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ሰዎችም እንደየዘመናቸው ርዝመት መለሱለት።

ረኃብም ምልክት ይተዋል። በ1944 ዓ.ም. መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው ክረምት የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ እህል እንዳይገባ ስለ ከለከለ ሕዝቡ እጅግ ተራበ። በዚያ ክረምት በማኅፀን የተፀነሱ ሰዎች ስድሳ ዓመት ከሆናቸው በኋላ ከተርታ ዘመን ከተፀነሱት ከገዛ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋራ ተመረመሩ። ዕድገትን በሚረዳው አንድ ጂን ላይ የሚቀመጠው የሜቲል ምልክት በረኃቡ ዘመን በተፀነሱት ላይ አንሶ ተገኘ፤ ይህም በ2008 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ ረኃብ በማኅፀን ከነበሩት መካከልም የስኳር በሽታ ምልክት ከሌላው ይልቅ ይታያል። ምልክቱ እስከ ልጅ ልጅ መድረሱ በሰው ዘንድ ገና አልተረጋገጠም፤ በግዴለሽነት የሚጽፉ ሰዎች እንደ ተረጋገጠ አድርገው ሲያወሩት ይሰማልና ይህን መለየት ይገባል። ነገር ግን በ1984ና በ1985 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በሌላውም አገር እናቶቻቸው የተራቡባቸው ሕፃናት ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ልጅ የወለዱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየእርሻው ያሉ ሰዎች ናቸው። ሐኪም እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የተወለደበትን ዓመት ቢጠይቀው ከንቱ ጥያቄ አይሆንም። ነፍሰ ጡርን ከረኃብ ማዳንም ሁለት ሰው ብቻ ሳይሆን ስድሳ ዓመት ማዳን ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ዘሩን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በ1976 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዘር ማስቀመጫ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ከ80 ሺህ የሚበልጥ የዘር ናሙና በብርድ ክፍል ተቀምጦበታል። ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቤት በመሩበት ዘመን፣ በ1980ዎቹ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን ጭምር ለመብላት በተገደደ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ወደ ድርቁ አገር ወርደው ሊጠፋ የቀረበውን ዘር ይሰበስቡ ነበር። ዶክተር መላኩ ከዚህ አልፈው፣ ዘር በብርድ ክፍል ብቻ ቢቀመጥ እንደ ተኛ ሰው ይሆናል፣ በሽታውም አየሩም ሲለወጥ እርሱ ሳይለወጥ ይቀራል ብለው ስላመኑ፣ የጥንቱ ስንዴ በአድአና በሌላም ቦታ ወደ ገበሬው እርሻ እንዲመለስ አደረጉ። በ1989 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ሥራ ነው።

ምርጥ ዘር አይግባ የምንል አይደለንም። የሕዝቡ ቁጥር በሚጨምርበት አገር ከአንድ ጥማድ መሬት ብዙ ኩንታል የሚሰጥ ዘር የሚጠላ የጠገበ ሰው ብቻ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ምርጥ ዘር የሚሠራው ከጥንቱ ዘር ነው፤ ጥንቱ ከጠፋ ነገ ከምን ይመረጣል? ዋጉ በየጊዜው መልኩን ይለውጣል፤ ትናንት የማይታመመው ስንዴ ዛሬ ይታመማል። ደግሞም ገበሬው ዕውቀት የለውም የሚል ባለሥልጣን ካለ ይህን ይስማ፦ በትግራይ በሐገረ ሰላም፣ በአማራም አገር በገረገራ፣ ስድሳ ገበሬዎች፣ እኩሌታው ሴቶች፣ አራት መቶ ዓይነት ጠንካራ ስንዴ በእርሻ ላይ ዞረው ተመልክተው ነጥብ ሰጡ። ሊቃውንቱ ያንን ነጥብ ከስንዴው የዘር ፊደል ጋራ ቢያመሳክሩት፣ የገበሬው ምርጫ በታወቁ የፊደል ቦታዎች ላይ የሚያርፍ ሆነ፤ ይህ በ2017 ዓ.ም. ታትሟል። ፊደል ያልቈጠረች ሴት በዐይኗ የዘሩን ፊደል አንብባዋለች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ለሹማምንቱ የምናቀርበው አሳብ ቀላልና ወጪውም ጥቂት ነው። አዲስ ዘር ወደ አንድ ወረዳ ከመግባቱ በፊት በዚያ ወረዳ የሚዘራው ነባር ዘር ከየዓይነቱ አንድ አንድ እፍኝ ተለቅሞ፣ የተወሰደበት ቀበሌ፣ የመሬቱ ከፍታና የገበሬው አስተያየት ተጽፎ ወደ ማስቀመጫው ይላክ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ አይቅር። «ሰነፍ ቆሎ» የሚለው የገብስ ስም ልብስ የሌለው፣ ሳይፈተግ የሚቆላ መሆኑን ይናገራል። «ወተት በጉንጬ» ምን እንዳለው አይተናል። ናሙና ያለ ስሙ በቁጥር ብቻ ሲመዘገብ ገበሬው ስለ እርሱ ያወቀው ሁሉ ከደጅ ይቀራል። በገጠር ያሉ ካህናትም ጽሕፈት የሚያውቁና ከገበሬው ጋራ የሚያርሱ ስለ ሆኑ ይህን መዝገብ ለመያዝ ከሌላው ሁሉ የቀረቡ ናቸው። በየደብሩ ዙሪያ ያለው ዛፍም፣ ሌላው አገር ሲራቆት ሳይቈረጥ የቆየው በእነርሱ ጥበቃ ነው፤ በዚያ ጥላ ሥር የቀረው የዱር ዘር ምን ምን እንደ ሆነ ግን ብዙው ገና አልተጻፈም። በመጪው መኸር፣ ነዶው ከመከመሩ በፊት፣ በየአውድማው ዳር ቆሞ ስሙን እየጠየቀ የሚጽፍ አንድ ሰው በየወረዳው ቢገኝ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።